«መሬት የግል ይሁን» ካሉ በኋላ፦ ተቃዋሚ ፓርቲና አንቀጽ 40

(ለደብረ ማርቆስ አድማጮች የተዘጋጀ የንግግር ጽሑፍ)

ክቡራንና ክቡራት፤

ጎጃም ላይ ቆሞ ስለ መሬት መናገር ለተናጋሪ የሚያስፈራ ነገር አለው። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው አንድ ጥማድ ስንት ኩንታል እንደሚሰጥ፣ ድንበር በየክረምቱ አንድ አንድ ትልም እየተገፋ እንዴት እንደሚጠፋ፣ የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ የማን ፎቶ እንዳለና የማን እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ መሬት ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ አልነሳም። የያዝኩት ጉዳይ ጠበብ ይላል። አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ (ከ2010 ወዲህ «ተፎካካሪ» ማለት ተለምዷል፤ ሥራው ግን ያው ነው) በመሬት ባለቤትነት ላይ አቋም ሲይዝ አመራሩ ስንት በር ማለፍ አለበት? የትኛውስ በር ላይ ይቆማል?

ሐሳቤን ቀድሜ ልናገር። ፓርቲዎቻችን በመሬት ጉዳይ አቋም አጥተው አያውቁም። «የግል ይሁን» የሚል አለ፤ «በመንግሥትና በሕዝብ እጅ ይቆይ» የሚል አለ፤ «የግልም፣ የወልም፣ የመንግሥትም ይኑር» የሚል አለ። ሦስቱም በአንድ አረፍተ ነገር ያልቃሉ፤ ገበሬውም ሦስቱንም ሰምቷል። ያልሰማው ሁለተኛውን አረፍተ ነገር ነው፦ በማን ድምፅ? በየትኛው ሕግ? እስከዚያውስ ምን ይሁን? አንዱን አመራር ከሌላው የሚለየው ይኸ ሁለተኛው አረፍተ ነገር ይመስለኛል።

ከሕጉ ቃል እንነሳ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው፣ መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። አብዛኛው ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል፤ ጽሑፉ ግን ይቀጥላል። ንዑስ 4 አርሶ አደሩ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት ይሰጠዋል። ንዑስ 5 ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት ዋስትና ነው። ንዑስ 7 በመሬቱ ላይ በጉልበት ወይም በገንዘብ ለተሠራ ቋሚ ንብረትና ለተደረገ ማሻሻያ ሙሉ መብት ይሰጣል፤ ይህን መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማውረስ ይቻላል። ንዑስ 8 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ አስቀድሞ ተመጣጣኝ ካሳ ይክፈል ይላል።

እንግዲህ ባሕር ዛፉ የማን ነው? የገበሬው። ቤቱስ? የገበሬው። ከሥራቸው ያለው አፈር ግን አይሸጥም። ከተማ ዳር የሚደረገው ሽያጭ የሚያልፈውም በዚህች ስንጥቅ ነው። ውሉ ላይ «ባሕር ዛፌንና ጎጆዬን ሸጫለሁ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን የባሕር ዛፍ ዋጋ አይደለም። የመሬት ሽያጭ «የለም» እያለ የሚከራከር የፓርቲ ተናጋሪም፣ ሽያጩን «እንጀምራለን» የሚለውም፣ ይህን ውል አላዩትም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው የፓርቲ ፕሮግራም ወድቆ የሚገኘው እዚህ ነውና።

አንቀጽ 40 የተቀመጠው ሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት ውስጥ ነው፤ ከመብቶች ተራ። ምዕራፍ ሦስት ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ይደርሳል። ስለ መገንጠል መብት የሚናገረው አወዛጋቢው አንቀጽ 39ም እዚያው ነው። አንቀጽ 105 ደግሞ ለዚህ ምዕራፍ ለብቻው ከባድ ቁልፍ ሠርቶለታል። ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው በአብላጫ ድምፅ፣ ማሻሻያውን ማጽደቅ አለባቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ይደግፍ፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እንዲሁ በሁለት ሦስተኛ።

ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው። ከ12ቱ አንዱ፣ ትንሹ ሐረሪ እንኳ ቢሆን፣ «አልፈልግም» ካለ ጉዳዩ አበቃ። የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ 547 ነው፤ ሁለት ሦስተኛው 365 ይሆናል። የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። አንድ ፓርቲ ከአማራ ክልል አንድም መቀመጫ ሳይቀረው ጠራርጎ ቢያሸንፍ ከሚያስፈልገው 227 ይጎድለዋል። የኦሮሚያን 178 ቢጨምርበት 316 ይደርሳል፤ አሁንም 49 ይቀረዋል። ይኸ ሁሉ ደግሞ ገና አንደኛው ምክር ቤት ነው።

ሐሳቡን ማንሳት ግን እንደዚህ አይከብድም። በአንቀጽ 104 መሠረት ከክልል ምክር ቤቶች አንድ ሦስተኛው በየራሳቸው አብላጫ ድምፅ ከደገፉት የማሻሻያ ሐሳቡ ለሕዝብ ውይይት ይቀርባል። ከ12 አንድ ሦስተኛው አራት ነው። ለእኔ የአንድ ቁም ነገረኛ ፓርቲ የመጀመሪያ ግብ ይህች አራት ናት። «አንቀጽ 40ን እንለውጣለን» የሚል መሪ ካያችሁ «አራቱ ምክር ቤቶችዎ የትኞቹ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ስማቸውን ካልጠራ ገና አላሰበበትም።

ከምዕራፍ ሦስት ውጪ ያሉት አንቀጾች ቀለል ያሉ ናቸው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልሎቹም ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም ስምንቱ፣ ከደገፉ ይበቃል። ክልሎችን የሚዘረዝረው አንቀጽ 47 በዚህኛው ረድፍ ነው። አንቀጽ 39 እና አንቀጽ 47ን በአንድ ትንፋሽ «እንሰርዛለን» የሚል መግለጫ ሳነብ ጸሐፊው አንቀጽ 105ን ገልጦ እንዳላየ እገምታለሁ፤ ሁለቱ በአንድ ቁልፍ አይከፈቱም።

በትርጉም መንገድ መሄድስ? የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ2012 ምርጫውን ያራዘመው በሕገ መንግሥት ትርጉም ነበር። በሩ አለ። ነገር ግን «አይሸጥም አይለወጥም» ከሚል ቃል ውስጥ «ይሸጣል» የሚል ትርጉም የሚያወጣ ምክር ቤት ቢገኝ እንኳ፣ በዚያ መንገድ የመጣ ባለቤትነት በቀጣዩ ትርጉም ይሄዳል። ገበሬው ልጁን በዚህ ላይ አይድርም።

ስለዚህ ቁጥሩን የቆጠረ አመራር አቋሙን ሁለት ላይ ይከፍላል። አንደኛው ረጅሙ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን የማሻሻል ዘመቻ። ሁለተኛው ሕገ መንግሥቱ እንዳለ ሆኖ በተራ ሕግ ዛሬ ሊደረግ የሚችለው ነው። አንቀጽ 51 ንዑስ 5 መሬትን የሚመለከት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ለፌዴራል ይሰጣል፤ አንቀጽ 52 ንዑስ 2 (መ) መሬቱን በዚያ ሕግ መሠረት የማስተዳደሩን ለክልሉ። በዚህ መሠረት ፌዴራል በ1997 አዋጅ 456ን አወጣ፤ በ2016 በአዋጅ 1324 ተካው። የአማራ ክልል የራሱን በ1992፣ በ1998፣ ከዚያም በ2009 በአዋጅ 252 አወጣ። እነዚህን ለማሻሻል 12 ክልል አያስፈልግም። ኪራይ፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ዋስትና፣ ካሳ፣ የመሬት ሽግሽግ፣ የደብተር አሰጣጥ ሁሉ የሚወሰኑት እዚህ ነው። «መሬት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ» እየተባለ ሠላሳ ዓመት ሲጮህ የገበሬው ኑሮ የሚለወጠው በእነዚህ አዋጆች አንቀጾች ነበር።

ኪራይን ብቻ ብናይ፣ የኦሮሚያው የ1999 አዋጅ 130 ገበሬው ማከራየት የሚችለውን ከይዞታው እስከ ግማሹ ድረስ ገድቦ ነበር፤ በባህላዊ መንገድ ለሚያርስ ተከራይ ዘመኑ ሦስት ዓመት፣ በዘመናዊ ለሚያርስ አሥራ አምስት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ቁጥር የሚጠብበውም የሚሰፋውም በክልል ምክር ቤት ውስጥ ነው።

ከዝርዝሮቹ ሁለቱን ቀረብ ብለን እንያቸው። አንደኛው ካሳ ነው።

በአሮጌው የካሳ አዋጅ 455/1997 መሬቱ ለዘለቄታው የተወሰደበት ገበሬ የሚከፈለው ያለፉት አምስት ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ 1161 ስሌቱን ለወጠው፤ ምትክ መሬት ላልተሰጠው ገበሬ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው የዓመት ገቢ ይያዝና በ15 ይባዛል። ልዩነቱን በምሳሌ እናስላው። አማካይ ገቢው 60,000 ብር፣ የተሻለው ዓመት ገቢው 90,000 ብር የሆነ ሰው በፊተኛው 600,000፣ በኋለኛው 1,350,000 ብር ያገኛል። በወረቀት ትልቅ ለውጥ ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? የጤፍ ዋጋው ከየትኛው ወር ገበያ እንደተወሰደ ላይ። ግምቱ ጥር ላይ፣ ምርት በገበያ በሞላበት ጊዜ በነበረው ዋጋ ተሠርቶ ክፍያው በዓመቱ ቢመጣ፣ የዋጋ ንረቱ ብዜቱን በልቶታል። ደግሞም ገቢውን የሚመዘግበው ማን ነው? ገበሬው ደረሰኝ የለውም፤ የሚያዘው የጽሕፈት ቤት አማካይ ምርት ነው። ጥሩ ያረሰውም ሰነፉም አንድ ቁጥር ላይ ይወድቃሉ። አንድ ፓርቲ «ካሳ ይጨመር» ከሚል ይልቅ «ግምቱና ክፍያው ከሦስት ወር በላይ ከተራራቁ በክፍያው ዕለት ዋጋ እንደገና ይሰላ» ቢል ኖሮ፣ ቡሬ ዙሪያም ደብረ ማርቆስ ዳርም የሚያዳምጠው አያጣም ነበር። ይህችን አንድ መስመር ለማስገባት ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ወለድ አገድ ነው። ይህን በአዲስ አበባ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሲያነሱት አልፎ አልፎ «ምንድን ነው?» የሚል አለ፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። ባሏ የሞተባት፣ አራት ጥማድ ያላት ሴት እንበል። በሬዋ ይሞታል፣ ወይም ልጅ ይታመማል። ከጎረቤት 20,000 ብር ትበደራለች፤ ገንዘቡን እስክትመልስ ሁለት ጥማዱን እሱ ያርሳል። ምርቱ ወለዱ ነው። ውሉ በሦስት ምስክር ይፈረማል ወይም በቃል ይቀራል፤ ቀበሌ ላይ አይመዘገብም። ከሁለት ጥማድ በዓመት 8 ኩንታል ጤፍ ቢያገኝ፣ ግማሹን ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለድካሙ ብንቀንስለት፣ በአምስት ዓመት 20 ኩንታል ጎተራው ገብቷል። የሴትዮዋ ዕዳ ግን አሁንም 20,000 ብር ነው፤ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም።

ይህች ሴት ለሁለቱም ወገን ጥያቄ ናት። ኢሕአዴግ በ1997ቱም ክርክር ላይ አጥብቆ የያዘው መከራከሪያ መሬት ለሽያጭ ከወጣ ድሃው በችግሩ ቀን ሸጦ ይፈናቀላል የሚል ነበር። ስጋቱ እውነት አለው። ነገር ግን ሽያጭ ተከልክሎም ሴትዮዋ ከሁለት ጥማዷ ተነቅላለች፤ ክልከላው የገዛላት ነገር ቢኖር «የኔ ነው» የሚል ወረቀት ይዛ መቆየቷ ብቻ ነው። «የግል ይሁን» የሚለውም ወገን መልስ አለበት። መሬቷን ለባንክ አስይዛ ብትበደርና ዝናቡ ቢቀር ባንኩ በስንት ወር ያወጣባታል? የ2016ቱ አዋጅ የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። እንግዲህ ክርክሩ ወደዚህ መውረድ አለበት፦ አበዳሪው መሬቱን ይዞ የሚቆይበት ዘመን ስንት ይሁን? በየምርቱ ከዋናው ዕዳ ስንት ይቀነስ? ለጓሮና ለምግብ የሚሆን የማይነካ አንድ ጥማድ ይኑር ወይ? ወለድ አገድ ቀበሌ ላይ እንዲመዘገብ፣ ከምርቱም የተወሰነው ከዋናው ዕዳ ላይ እንዲቀነስ የሚያደርግ አንድ የክልል ደንብ ከመቶ መግለጫ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ጎጃም ለምን «የግል» የሚለውን ቃል በሁለት ጆሮ እንደሚሰማው እንይ።

በንጉሡ ዘመን እዚህ ያለው ሰው አብዛኛው ርስተኛ ነበር። «መሬት ላራሹ» በ1957 አዲስ አበባ ላይ ሲጮህ የታሰበው የደቡቡ ጭሰኛ ነው፤ የጎጃም ገበሬ የሚፈራው ሌላ ነገር ነበር፤ ቀላዱን። መሬትን በገመድ መለካት ለእሱ ርስትን አጥቶ ገባር የመሆን መጀመሪያ ነበር። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ በ1960 ቢቸናና ሞጣን ይዞ ዐመፅ ተነሳ፤ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ ለአንድ ቤተሰብ ጣሪያው 10 ሄክታር ሆነ፤ ርስት በስሙ አበቃ።

ከዚያ 1989 መጣ። በዚያ ዓመት ሽግሽግ «ቢሮክራት» የተባለው፣ ማለትም በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሥልጣን የነበረው፣ አራት ጥማድ ማለትም አንድ ሄክታር ብቻ ተተወለት፤ ሌላው ገበሬ እስከ አሥራ ሁለት ጥማድ መያዝ ይችል ነበር። መሬቱ የተመደበው በስም ዝርዝር ነው፤ ዝርዝሩን የያዘው ደግሞ ኮሚቴ ነው። የመንግሥት ባለቤትነት ምን ማለት እንደሆነ ጎጃም የተማረው ከአንቀጽ 40 ይልቅ ከዚያ ዝርዝር ነው። ስለዚህ እዚህ «መሬት የግል ይሁን» ሲባል ጆሮ ውስጥ የሚገባው «ሁለተኛ ኮሚቴ አይመጣብኝም» የሚለው ነው። ከገበያ ይልቅ ዋስትና ነው የሚሰማው። ይህን ያልተረዳ የፓርቲ ተናጋሪ እዚህ መጥቶ ስለ መሬት ገበያና ስለ ካፒታል ፍሰት ሲያወራ ሰዉ የሚያጨበጭበው በትህትና ነው።

ዋስትናው ሲኖር ምን እንደሚሆን ለማየት አዊ መሄድ ይበቃል። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሏል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሃል ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳል፣ በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። በቅርብ ዓመታት በሽታ ገባበት፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። አምስት ዓመት ለሚጠብቅ ነገር ጉልበቱን ያፈሰሰው በባለቤትነት ደብተር ሳይሆን በይዞታ ደብተር ነው። የመንግሥት ይዞታን የሚደግፍ ፓርቲ ይህን ይጥቀስ፤ ያምርበታል። ነገር ግን ደብተሩ ከመምጣቱ በፊትስ? ምዝገባው በክልላችን የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚህ አጠገባችን ያለው ጎዛምን ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የቃል እምነት በ1989 ተሰብሮ ነበር።

ሌላም ሰው አለ፤ ደብተር ላይ ስሙ የሌለ። በ1989 የተወለደ ሰው ዛሬ ሃያ ስምንት ዓመት አልፎት ልጆች አፍርቷል። በንዑስ 4 በነፃ መሬት የማግኘት መብት አለው፤ የሚሰጠው መሬት ግን የለም። ነገ ጠዋት «መሬት የግል ሆኗል» ቢባል ባለቤት የሚሆነው ደብተር ላይ ፎቶው ያለው ሰው ነው፤ ይህ ወጣት ከአባቱ ወይም ከጎረቤቱ ገዢ ሆኖ ይቀራል። «የመንግሥት ይቆይ» ከተባለም ሽግሽግ ካልመጣ አያገኝም፤ ሽግሽግ ከመጣ ደግሞ የእናቱ ጥማድ ይቆረጣል። ወደ ባሕር ዳር ሄዶ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ይውረስ ወይስ ከእናቱ ጋር ቀርቶ ያረሰው? ለዚህ መልስ ያለው ፕሮግራም ፈልጋችሁ ብታጡ አይግረማችሁ። ሐቀኛው መልስ አንደኛው ወገን ያጣል የሚል ስለሆነ የምርጫ ሰሞን ማንም አይደፍረውም።

ወደ ፓርቲው ውስጥ እንግባ። እንዲህ ያለ ከፋፋይ ጉዳይ ፓርቲን የሚሰብረው ብዙ ጊዜ በሐሳቡ ክብደት ሳይሆን «ማን ወሰነ?» በሚለው ነው።

የ1997ቱን የተቃዋሚዎች ጥምረት፣ ቅንጅትን አስታውሱ። አራት ድርጅቶች ነበሩ፦ መኢአድ፣ ኢዴአፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግ። ግንቦት 7 ቀን 1997 በተደረገው ምርጫ በይፋ 109 መቀመጫ ተሰጣቸው። መራጩ ፊት ምን እንደሚሉ ተስማምተው ነበር። ከምርጫው ማግስት ግን «ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ» የሚል ጥያቄ መጣ፤ የመጨረሻ ቃሉ የማን እንደሆነ፣ የየድርጅቱ ውህደት የት እንደደረሰ፣ ማኅተሙስ በማን እጅ እንዳለ አልተቋጨም ነበር። መሪዎቹ ታሰሩ፣ ሐምሌ 1999 ተፈቱ። በ2000 ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለሌላ ቡድን ሰጠ፤ ከእስር የወጡት ብዙዎቹ «አንድነት» የሚል አዲስ ፓርቲ መሠረቱ። በ2007 ምርጫ ዋዜማ ደግሞ ቦርዱ የአንድነትንም የመኢአድንም ሕጋዊ አመራርነት ለተቀናቃኝ ክንፎች ሰጠ። የቦርዱን ውሳኔ ፍትሐዊነት ለታሪክ ልተወው። ለፓርቲ አመራር የሚቀረው ትምህርት ግን ደረቅና የሚጠቅም ነው፤ የፓርቲ ስም የሚወርሰው የተሟላ ቃለ ጉባኤ ያለው ነው።

የመሬት አቋም የሚያጸድቅ ጉባኤ እንዴት ይሠራ? ረቂቁ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ለአባላት ይድረስ፤ በዕለቱ የተበተነ ወረቀት «አላየሁትም» ለሚል ተቃውሞ በር ይከፍታል። የመገኘት ፊርማ ጠዋት ብቻ አይበቃም፤ ከምሳ በኋላ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት፣ ምልዓተ ጉባኤው እንደገና ይቆጠር። ከክፍለ ሀገር የመጣው አባል ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ለመያዝ ይወጣል፤ ጉባኤዎች የሚፈርሱት በዚያች ሰዓት ነው። ቆጠራው በሦስት ረድፍ ይጻፍ፦ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ። «በከፍተኛ ድምፅ ጸደቀ» የሚል ቃለ ጉባኤ ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሌለው ውሳኔ ሲካድ ማስረጃ ያጣል። የተሸነፈው ወገን የልዩነት ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጽፎ ያያይዝ። ይህ ሰው ነገ ሚዲያ ላይ ወጥቶ «አፈኑን» ከማለት «ልዩነቴ ገጽ ስምንት ላይ አለ» ይላል፤ ፓርቲውም አይሰበርም። እያንዳንዱ ገጽ ይፈረም፣ ቅጂው ቦርድ ይግባ።

ለልዩነት ቦታ መተው ይቻላል። መድረክ በተባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ ውስጥ አንድነት ከኦሮሞና ከትግራይ አባል ድርጅቶች ጋር በአንቀጽ 39 እና በመሬት ባለቤትነት ላይ ልዩነቱን እንደያዘ አብሮ ለምርጫ ቀርቧል። ጠንካራ ጎኑ ልዩነቱ አለመደበቁ ነበር። ደካማ ጎኑ ደግሞ መራጩ «ብታሸንፉስ የትኛውን ታደርጋላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ መጥፋቱ።

በሊቀመንበሩ አፍ የሚያዝ አቋምም አለ። አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) ሰኔ 2010 ባሕር ዳር ላይ ተመሠረተ፤ ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) ግንቦት 2011 ሰባት ፓርቲዎች ከስመው ተመሠረተ፤ ኢዜማ የፓርቲውን ሊቀመንበርና ለመንግሥት ሥልጣን የሚወዳደረውን መሪ ለይቷል። ክፍፍሉ ብልህ ነው፤ ድርጅቱን የሚመራው ድርጅቱን ይጠብቃል፣ መሪው ፖሊሲ ያነሳል። ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ ግን የአብን ሊቀመንበርም የኢዜማ መሪም የሚኒስትርነት ሹመት ተቀበሉ። ሹመቱን መቀበል ራሱ ነውር ነው አልልም። ጥያቄው የአሠራር ነው። ረቂቅ አዋጅ ለፓርላማ ከመቅረቡ በፊት የሚያልፈው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ያ ምክር ቤት በአንቀጽ 76 መሠረት ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። እዚያ የተቀመጠ የተቃዋሚ መሪ በ2016ቱ የመሬት አዋጅ ላይ ፓርቲው የተለየ አቋም ቢኖረው በየትኛው ወንበር ሆኖ ይናገራል? መልሱ በመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ሹመቱ ከመምጣቱ በፊት መጻፍ ነበረበት፦ «የመንግሥት ሹመት የተቀበለ መሪ በፖሊሲ ጉዳይ የፓርቲው ቃል አቀባይ አይሆንም» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

የፓርቲው ዓይነትም አቋሙን ይገድበዋል። በአዋጅ 1162/2011 አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመሥረት 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ፤ ከአንድ ክልል ሊመጡ የሚችሉት ከ40 በመቶ አይበልጡም። ክልላዊ ፓርቲ በ4,000 ይመሠረታል። ክልላዊ ፓርቲ በአንቀጽ 40 ላይ የፈለገውን ቢል ብቻውን አሥራ ሁለቱን ምክር ቤቶች ማንኳኳት አይችልም፤ ስለዚህ ጉልበቱን በክልሉ አዋጅ 252 ላይ ቢያውል ይጠቅመዋል። አገር አቀፉ ደግሞ እዚህ የሚለውን ነቀምትም ጅግጅጋም ላይ ማለት አለበት። አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው የኦሮሞ ገበሬ «መሬት ይሸጣል» ሲባል የሚታየው በማስተር ፕላኑ ዘመን ከ2006 እስከ 2008 የተነሳው ቁጣ ነው። አፋር ላይ «የግል መሬት» ማለት የጎሳው ግጦሽ በማን ስም ይጻፍ ማለት ነው። እዚሁ ጎጃም ውስጥ እንጅባራ ላይ የአዊ ብሔረሰብ ምክር ቤት አለ፤ የብሔር መብትን ከመሬት ነጥሎ መናገር እዚያ አያስኬድም። መተከል ደግሞ በቀድሞው አከላለል ጎጃም የነበረ፣ ዛሬ ሌላ ክልል ነው። እዚያ «መሬት የብሔር ብሔረሰቦች የጋራ ንብረት ነው» የሚለው ቃል የጋራው እነማንን ያጠቃልላል ወደሚል ጥያቄ ይወስዳል፤ በዚህ ጥያቄ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቷል።

አሁን ያለንበትንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ከሐምሌ 2015 ወዲህ ክልላችን ውስጥ ውጊያ አለ። አባላቱን ከየወረዳው ሰብስቦ ቃለ ጉባኤ መያዝ የማይችል ፓርቲ የአባላቱን ፈቃድ የት ያገኛል? በዚህ ጊዜ አመራሩ ብቻውን በሰፊው መወሰን ይጀምራል፤ ሰላም ሲመጣ ደግሞ የተወሰነው የማን እንደሆነ ይጠየቃል። ቢያንስ በጦርነት ጊዜ የተያዘ አቋም «ጊዜያዊ፣ በቀጣዩ ጉባኤ የሚጸድቅ» ተብሎ ይጻፍ።

በመጨረሻ ስለ ዕጩ ሥልጠና አንዲት ነገር ልበል። ለዕጩው ሠላሳ ገጽ ፕሮግራም ከማስያዝ የአንድ ገበሬ ደብተር ቅጂ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ይሰጠው። የማን ፎቶ አለ? ስንት ማሳ ነው? አዋሳኙ ማን ነው? ይህ ካርታ ያለው ሁለተኛ ደረጃ ነው ወይስ በገመድ የተለካው የመጀመሪያው? ከመሬቱ ውስጥ ወለድ አገድ የተሰጠው የትኛው ይመስልሃል? ብለው ይጠይቁት። ማንበብ ካልቻለ ቢቸና ገበያ አይላኩት።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል። የወለድ አገድ ውል በእጃችሁ ያለ ካላችሁና ምዝገባው ላይ የምትሉት ካለ መጀመሪያ እናንተን ልስማ።